«ሊኑክስ ውስጥ ኮዳችን አለ፤ ክፈሉ» ለሚል ደብዳቤ ምን ይመለሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ፍራንክፈርት አካባቢ ባለ 60 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ውስጥ የአይቲ ኃላፊ ናቸው። ድርጅቱ 22 ሰርቨሮችን በሊኑክስ ያሠራል፤ ጎን ለጎንም ከውጭ የሚያስመጣቸውን ራውተሮች በራሱ ስም ለሱቆችና ለሬስቶራንቶች ይሸጣል። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ኩባንያ ጠበቃ ደብዳቤ መጣ፦ «ሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ የደንበኛዬ ኮድ አለ። ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የፈቃድ ክፍያ ክፈሉ፤ የተያያዘውንም ሰነድ በ10 ቀን ውስጥ ፈርማችሁ መልሱ። አለዚያ እንከሳለን» ይላል። ሥራ አስኪያጁ «ገንዘቡ ያን ያህል አይደለም፤ ከፍለን እንገላገል» ብለዋል። የእርስዎ ጥያቄ፦ እንክፈል ወይስ ሊኑክስን እንተው?

ሁለቱንም አያድርጉ። ሰነዱን እንደመጣ አይፈርሙ፣ ገንዘብም አይላኩ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተው መርሳትም አይሆንም። የደረሰበትን ቀን ይጻፉበት፣ ፖስታውን ጭምር ያስቀምጡ፣ ዛሬውኑ በቅጂ መብት ላይ የሚሠራ ጠበቃ ያነጋግሩ። እኔ የምጽፍልዎት ጠበቃው ዘንድ ይዘውት የሚሄዱትን ዝግጅት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የሚለየው የዛቻው ዓይነት ነው። «ጂፒኤልን (ሊኑክስ የተለቀቀበትን ነፃ የሶፍትዌር ፈቃድ) ጥሳችኋል» የሚል ደብዳቤና «ኮዱ ከእኛ ተሰርቆ የገባ ስለሆነ ጂፒኤል ራሱ አያድናችሁም» የሚል ደብዳቤ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው የሚነካው ሶፍትዌሩን ለሌላ ሰው የሚያስተላልፈውን ነው። በ1991 የወጣው የጂፒኤል 2ኛ እትም ፕሮግራሙን ማስኬድ እንዳልተገደበ በግልጽ ይናገራል፤ ግዴታው የሚመጣው ከስርጭት ጋር ነው። የ2007ቱ 3ኛ እትም ደግሞ ፕሮግራሙን ለማግኘትም ሆነ ለማስኬድ ፈቃዱን መቀበል እንኳ እንደማያስፈልግ ይላል። ስለዚህ 22ቱ ሰርቨሮች በራሳችሁ ቤት እስከሠሩ ድረስ፣ ከርነሉን ነካክታችሁትም ቢሆን፣ ጂፒኤል ተጥሷል የሚያሰኝ ነገር የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ተጠቃሚውን በቀጥታ ይነካል፤ የእርስዎ ደብዳቤም የዚህ ወገን ነው። በጀርመን የቅጂ መብት ሕግ ፕሮግራምን ሰርቨር ላይ መጫን ራሱ ማባዛት ነው፤ ማባዛት ደግሞ የባለመብቱን ፈቃድ ይፈልጋል። ባለመብቱ በእርግጥ ሌላ ሰው ከሆነና ኮዱን ለማንም ካልፈቀደ፣ የራሱ ያልሆነውን የሰጠ ሰው ፈቃድ አይጠብቃችሁም። «ከኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ነው ያወረድነው፣ ነፃ ነው ተብለናል» ማለት በቂ መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው። ጉዳዩ በሙሉ ሁለት ነገር ላይ ይወድቃል፦ የትኛው ኮድ ነው? የማንስ ነው?

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ምን ያህል ጉልበት እንዳላቸው የኤስሲኦ ጉዳይ አሳይቷል። ዩታ ግዛት የነበረው የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስሲኦ ግሩፕ፣ «የእኔን የዩኒክስ (ከሊኑክስ የቀደመ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ኮድ ሊኑክስ ውስጥ አስገብተሃል» ብሎ በማርች 2003 አይቢኤምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ከሰሰ፤ ኋላ መጠኑን ወደ 5 ቢሊዮን አሳደገው። በሜይ 1,500 ለሚያህሉ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ሊኑክስን መጠቀም ሊያስጠይቃቸው እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላከ። በኦገስት ዋጋ ቆረጠ፦ አንድ ፕሮሰሰር ላለው ሰርቨር 699 ዶላር፤ ከኦክቶበር 15 በኋላ የሚመጣ 1,399 ዶላር። አጭር ቀነ ገደብ፣ ዛሬ ርካሽ ነገ ውድ የሚል ዋጋ፣ «የትኛው ኮድ?» ሲባል ዝምታ። የእርስዎን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ያንብቡት።

ኮዱን ለማሳየት ሲገደድ የሆነውም ልብ ይባል። በኦገስት 2003 ላስ ቬጋስ ላይ በስላይድ ካሳያቸው ናሙናዎች አንዱ፣ እንዳይነበብ ፊደሉ ወደ ግሪክ ተለውጦ ነበር። የሊኑክስ ሰዎች ወዲያው ፈትተው አነበቡት። የኮምፒውተሩን ማስታወሻ (ሜሞሪ) የሚያድል ኮድ ነበር፤ ምንጩ የድሮው ዩኒክስ ሲሆን፣ እሱንም ካልዴራ፣ ማለትም ኤስሲኦ ራሱ በቀድሞ ስሙ፣ በ2002 በነፃ ፈቃድ ለቆት ነበር። ሌላው ናሙና ከበርክሌይ የተወለደ የፓኬት ማጣሪያ እንጂ የኤስሲኦ ንብረት አልነበረም። በዲሴምበር 2003 ደግሞ 65 ያህል የሄደር ፋይሎችን ዘርዝሮ ደብዳቤ በተነ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ከዝርዝሩ መካከል «ሲታይፕ» የተባለውን ፋይል አይቶ ለመጀመሪያው ከርነል በገዛ እጁ የጻፈው መሆኑን ተናገረ። በአይቢኤም ክስ ውስጥ ኤስሲኦ 294 የጥሰት ነጥቦችን አቅርቦ ነበር፤ በ2006 ዳኛዋ ከ180 በላይ የሚሆኑትን በግልጽ አልተለዩም ብለው ጣሉ። ሌብነት የተጠረጠረን ሰው የሱቁን ዕቃ ዝርዝር በሙሉ አስታቅፎ «የሰረቅኸው እዚህ ውስጥ አለ፣ ራስህ ፈልገው» እንደማለት ነው ሲሉም አስረዱ።

የባለቤትነቱ ጥያቄ ይባስ ከብዶታል። ኖቬል የተባለው ኩባንያ «በ1995 የዩኒክስን ሥራ በሸጥንበት ውል የቅጂ መብቱን ለራሳችን አስቀርተናል» ብሎ ተከራከረ። በ2007 ፍርድ ቤት ለኖቬል ወሰነ፤ ኤስሲኦ በወሩ ኪሳራ አወጀ። ይግባኙ ጉዳዩን ወደ ዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) መለሰው፤ ጉባኤውም በማርች 2010 መብቱ የኖቬል ነው አለ፤ በ2011 ይህ ጸና። ከአይቢኤም ጋር የቀረው ክርክር በ2021 አይቢኤም 14.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በስምምነት ተዘጋ። በእነዚህ 18 ዓመታት ውስጥ በፍርድ ተረትቶ ለኤስሲኦ የከፈለ የሊኑክስ ተጠቃሚ የለም።

ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። በማርች 2004 ሂውስተን ያለ ኢቪ1ሰርቨርስ የተባለ የሆስቲንግ ኩባንያ ለመገላገል ብሎ የኤስሲኦን ፈቃድ ገዛ። ብዙ ሳይቆይ የኩባንያው ኃላፊ ያንን ውሳኔ ዳግም እንደማይወስኑት ተናገሩ። የገዛው ሰው ያገኘው፣ ባለቤትነቱን ያላረጋገጠ ድርጅት «አልከስህም» ያለበትን ወረቀት ነው። እውነተኛው ባለመብት ነገ ቢመጣ ያ ወረቀት አይመክትም፤ መክፈሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ጠያቂ በሩን ያሳያል።

ዝም ማለት የሚያመጣውም ከዚያው ዘመን ይታያል። ኤስሲኦ በዲሴምበር 2003 የዩኒክስ ውል ላላቸው ድርጅቶች «ውሉን እንደምታከብሩ በ30 ቀን ውስጥ አረጋግጡልን» ብሎ ጻፈ። ዳይምለር ክራይስለር በቀኑ አልመለሰም፤ በማርች 2004 ተከሰሰ። ኩባንያው ሶፍትዌሩን ከተወው ያኔ ከ7 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በጁላይ 2004 ሚሺጋን ያለው ፍርድ ቤት ክሱን ከሞላ ጎደል ውድቅ ሲያደርገው ተርፎ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ መልሱ በጊዜው ተሰጥቷል ወይ? አንድ ገጽ ደብዳቤ ይህን ያስቀር ነበር።

ጀርመን ውስጥ ዝምታ ከዚህም ይከፋል። በእናንተ ዘንድ አብማኑንግ የሚባለው ማስጠንቀቂያ ሳይመለስ ከቀረ፣ ላኪው እናንተን ሳያሰማ ጊዜያዊ እግድ ሊጠይቅ ይችላል። ሕጉ ግን ላኪውንም ያስራል። የቅጂ መብት ሕጉ አንቀጽ 97 ኤ፣ ማስጠንቀቂያው የባለመብቱን ስም እንዲናገር፣ ጥሰቱን በትክክል ለይቶ እንዲገልጽ፣ የሚጠየቀውን ገንዘብ ካሣው ስንት የጠበቃ ወጪው ስንት ብሎ እንዲዘረዝር፣ የሚያስፈርመው ቃል ከጥሰቱ በእጅጉ የሚሰፋ እንደሆነም እንዲጠቁም ያዛል። ይህን ያላሟላ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም፤ አላግባብ ለተላከ ደብዳቤ ያወጣችሁትን የጠበቃ ወጪ ከላኪው መጠየቅም ትችላላችሁ። «ከርነሉ ውስጥ ኮድ አለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ጥሰትን ለይቶ መግለጽ አይደለም።

ጠበቃው በጀርመንኛ የሚያዘጋጀው መልስ ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦

«ደብዳቤያችሁ በዚህ ቀን ደርሶናል። የተባለው ጥሰት የትኛውን ሥራ እንደሚመለከት ከደብዳቤው መለየት አልቻልንም። ስለዚህ የከርነሉን እትም፣ የፋይሉን ስምና የመስመሮቹን ቁጥር፤ የራሳችሁን ኦሪጂናል ፋይል ከተጻፈበት ቀን ጋር፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነና መብቱ ወደ እናንተ የተላለፈበትን ውል፤ ድርጅታችን ፈጽሟል የምትሉትን ድርጊት ከነጊዜው፤ የጠየቃችሁትን ገንዘብ ስሌት እንድትልኩልን እንጠይቃለን። ይህ ሲደርሰን መርምረን እንመልሳለን። ይህ መልስ የትኛውንም ጥያቄ መቀበል አይደለም።»

ከዚህ በላይ አይጨምሩ። የሰርቨሮቹን ብዛት፣ የምትጠቀሙበትን ዲስትሪቢውሽን (የሊኑክስ ዓይነት፣ ለምሳሌ ዴቢያን)፣ «አላወቅንም ነበር» የሚል ይቅርታም አይጻፉ፤ እያንዳንዱ ለላኪው የጎደለውን ይሞላለታል። ስልክ ቢደወል በጽሑፍ ላኩ ብለው ይዝጉ። ከድርጅቱ አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ ሠራተኞች በኢሜይልና በቻት ግምታቸውን አይለዋወጡ፤ ግምቱ ኋላ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ላኪው እውነተኛ የከርነል ጸሐፊ ቢሆን እንኳ ማስረጃው ቀላል አይደለም። ክሪስቶፍ ሄልዊግ የታወቀ የከርነል ገንቢ ነው፤ በ2015 ሐምቡርግ ላይ የሶፍትዌር ኩባንያውን ቪኤምዌርን ጂፒኤልን ጥሷል ብሎ ከሰሰ። በጁላይ 2016 ክሱ ወደቀ፣ በፌብሩዋሪ 2019 ይግባኙም ወደቀ፤ በተከሳሹ ምርት ውስጥ ያለውን የራሱን ድርሻ ለይቶ በበቂ ሁኔታ አላሳየም ተብሎ ነው።

ዝርዝሩ ከመጣ ሥራው የእርስዎ ክፍል ነው። ዛሬ ሳይውል ሳያድር ግን የሰርቨር መዝገብ ይሥሩ፦ ዲስትሪቢውሽኑ፣ የከርነል ጥቅሉ ሙሉ እትም፣ ከየትኛው ማከማቻ እንደተወሰደ፣ መቼ እንደተጫነ። ምንም አያጥፉ። የደኅንነት ማሻሻያ መጫን ግድ ከሆነ መጀመሪያ ስናፕሾት (የሰርቨሩን ቅጽበታዊ ቅጂ) ይውሰዱ። ፋይልና መስመር ሲሰጣችሁ የመጀመሪያው ምርመራ ያ ፋይል በእናንተ ከርነል ውስጥ ጭራሽ መጠናቀር አለመጠናቀሩን ማየት ነው። ምንጭ ኮዱ ለብዙ ዓይነት ሃርድዌር የተጻፈ ነው፤ የአንድ ሰርቨር ከርነል ከዚያ የሚያነሣው ጥቂቱን ነው፤ የኮንፊግ ፋይሉና የሞጁሎቹ ዝርዝር ይመሰክራሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱን መስመር ማን እንዳስገባው በሚያሳየው በጊት ብሌም ጸሐፊውን ይፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የከርነሉ የጊት ታሪክ የሚጀምረው በኤፕሪል 2005፣ በ2.6.12 ሙከራ እትም ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ መስመር ሁሉ ሊኑስ እንደጻፈው ሆኖ ይታያል። ለቀደመው ኮድ በኋላ የተጠናቀረውን ታሪካዊ ማከማቻና የድሮ እትሞችን ጥቅል ማየት ያስፈልጋል። ከ2004 ወዲህ እያንዳንዱ ለውጥ የሚገባው አቅራቢው በስሙ «የማቅረብ መብት አለኝ» ብሎ ፈርሞ ነው፤ ይህ ልማድ የመጣው ራሱ ከኤስሲኦ ክርክር በኋላ ነው።

ሰርቨሮቹ የተከፈለበት የሬድ ሃት ወይም የሱሴ ደንበኝነት ካላቸው ውሉን ያውጡ። በኤስሲኦ ዘመን ኤችፒ በ2003፣ ኖቬል በ2004 ለደንበኞቻቸው የመከላከል ዋስትና፣ ሬድ ሃትም በ2004 የሚያስጠይቀውን ኮድ የመተካት ዋስትና መስጠት የጀመሩት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ማሳወቅንና ያለ ሻጩ ፈቃድ አለመደራደርን ይጠይቃሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ቀድመው ከከፈሉ ዋስትናው ሊቀር ይችላል። ዴቢያን ከሆነ እንዲህ ያለ ዋስ የለም።

አሁን ወደ ተያያዘው ሰነድ። ይህ የማቆም ቃል መግቢያ ነው፦ «ይህን ድርጊት ዳግም አንፈጽምም፤ ብንፈጽም በእያንዳንዱ ጥሰት ይህን ያህል ዩሮ እንከፍላለን» ይላል። ብዙ ሰው የሚያየው ዛሬ የተጠየቀውን ገንዘብ ነው፤ ትልቁ ገንዘብ ግን ያለው ነገ በሚመጣው መቀጫ ላይ ነው። ፓትሪክ ማክሃርዲ የተባለ የኔትፊልተር (የከርነሉ የኔትወርክ ማጣሪያ ክፍል) ገንቢ ጀርመን ውስጥ ብዙ ኩባንያዎችን በዚህ መንገድ ጠይቋል። አካሄዱ የታወቀ ነበር፦ መጀመሪያ አንድ ጥሰት ያነሣል፣ ቃሉን ያስፈርማል፣ የሚጠይቀውም ወጪ መጠነኛ ነበር። ከጊዜ በኋላ በዚያው ምርት ወይም በሌላ ሌላ ጉድለት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ያኔ የሚጠይቀው በፊርማ የተገባውን የውል መቀጫ ነበር። የኔትፊልተር ቡድን በ2016 ከአባልነት አገደው። በማርች 2018 ኮሎኝ ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሳተላይት መቀበያ አምራች ላይ ያቀረበውን የእግድ ጥያቄ ራሱ አነሣ። በጃንዋሪ 2022 ይፋ በሆነው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ በኔትፊልተር ስም የማስከበር ውሳኔ የቡድኑ አብላጫ ድምፅ የሚያስፈልገው ሆነ። ስለዚህ ቃል መግባት እንኳ ቢያስፈልግ፣ በሌላ ሰው የተጻፈ ሰነድ ላይ አይፈረም።

ለሰርቨሮቹ፣ ጥሰቱ እስኪለይ ድረስ ምንም ቃል አይገባም። እግድ ያሰጋል ካላችሁ ጠበቃው የመከላከያ ጽሑፍ በማዕከላዊው መዝገብ ቀድሞ ሊያስገባ ይችላል፤ በመላው ጀርመን ያሉ ፍርድ ቤቶች ያዩታል፣ 6 ወር ይቆያል። ደብዳቤው ላይ ላኪው «ጥሰቱን ያወቅነው በዚህ ቀን» ያለበት ቦታ ካለ ያስምሩበት፤ ሙኒክ ያሉ ፍርድ ቤቶች ለምሳሌ፣ ካወቀ በኋላ ከአንድ ወር በላይ የቆየን ሰው አስቸኳይ እግድ አይሰጡትም። ላኪው ለደንበኞቻችሁም ጽፎ ከሆነ ይህንንም ይንገሩ። በ2003 ዩኒቬንሽን የተባለ ኩባንያ አመልክቶ የብሬመን ፍርድ ቤት የኤስሲኦን የጀርመን ቅርንጫፍ ያለ ማስረጃ ክሱን እንዳይነዛ አግዶታል፤ በዚያው ዓመት ሙኒክ ላይ ተመሳሳይ እግድ በመጣሱ 10,000 ዩሮ ተቀጥቷል።

ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፏት የራውተር ነገር ከ22ቱ ሰርቨሮች ይልቅ ታሳስበኛለች። ራውተሩ ውስጥ ሊኑክስና ቢዚቦክስ (በትንንሽ መሣሪያዎች ላይ የሚጫን የጂፒኤል የትእዛዞች ስብስብ) መኖራቸው በጣም የሚጠበቅ ነው፤ እናንተ ደግሞ በስማችሁ ትሸጣላችሁ። ሻጭ አሰራጭ ነው። «ፈርምዌሩን (ራውተሩ ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር) የሠራው አምራቹ ነው» ማለት ጀርመን ፍርድ ቤት አያዋጣም። በ2004 ሙኒክ ያለው ፍርድ ቤት ሃራልድ ቬልቴ በራውተር ሻጩ ሲተኮም ላይ ያቀረበውን አቤቱታ ተቀብሎ ጂፒኤል ጀርመን ውስጥ እንደሚጸና ወስኗል። ስለዚህ በመልሳችሁ ውስጥ «ጂፒኤልን ሙሉ በሙሉ እናከብራለን» የሚል ቃል ራውተሩ ሳይመረመር እንዳይገባ።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሁለት የፈርምዌር ቅጂ ይውሰዱ፤ አንዱን አምራቹ ለማሻሻያ ከሚለቀው ፋይል፣ ሌላውን ከመጋዘናችሁ ከወጣ ራውተር ቺፕ ላይ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ፈርምዌርን በሚበትነው ቢንዎክ በተባለ ፕሮግራም ሲከፍቷቸው የማስነሻው ፕሮግራም፣ ከርነሉና የታመቀው ፋይል ሥርዓት ለየብቻ ይወጣሉ። የከርነሉን እትም ቁጥር፣ የቢዚቦክስን እትም፣ የእያንዳንዱን ፕሮግራምና ሞጁል ስም ከነፈቃዱ በሰንጠረዥ ያስገቡ። ከዚያ አምራቹን የዚያችኑ እትም ሙሉ ምንጭ ኮድ ይጠይቁ፦ የከርነል ኮንፊጉን፣ የተጨመሩትን ለውጦች፣ የማጠናቀሪያና የመጫኛ ስክሪፕቶችን ጨምሮ። ስክሪፕቶቹ በጂፒኤል ቃል ውስጥ በስም የተጠቀሱ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉትም እነሱ ናቸው።

አምራቹ ብዙውን ጊዜ የሚልከው የቺፕ ሠሪውን አጠቃላይ የልማት ጥቅል ነው። ሲያዩት ትልቅ ነው፣ ፋይሉ ብዙ ነው፤ የእናንተ ራውተር ምንጭ ግን አይደለም። የሚለየው በሙከራ ብቻ ነው። ጥቅሉን አይቶት ለማያውቅ መሐንዲስ፣ ምንም ያልተጫነበት ንጹሕ ማሽን ላይ፣ ከጥቅሉ ጋር ከመጣው መመሪያ በቀር ሌላ ሳይሰጡት ያስጠናቅሩ። ካለቀ የወጣውን ከሚሸጠው ጋር ያስተያዩ። ባይት በባይት አይገጥምም፤ ቀንና ቁልፍ ይለያያልና። የከርነል እትሙ፣ የሞጁሎቹ ዝርዝርና ቢዚቦክስ ውስጥ ያሉት ትእዛዞች ግን መግጠም አለባቸው። ሞጁል ከጎደለ ወይም እትሙ በአንዲት ነጥብ ከተለየ የተሰጣችሁ የሌላ ምርት ኮድ ነው። ምንጩ የማይሰጥ የዋይፋይ ሞጁል ካገኙ ለብቻው መዝግበው ለጠበቃው ይስጡ፤ ያ የራሱ ክርክር ነው።

ከሣጥኑ ጋር የጂፒኤሉ ሙሉ ጽሑፍና፣ ምንጭ ኮዱ ራሱ አብሮ ካልተሰጠ፣ እሱን ለማንኛውም ጠያቂ ለመስጠት ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል መግባት አለበት፤ የሚያስከፍሉትም ከማባዣና ከመላኪያ ወጪው አይበልጥም። በ2ኛው እትም የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ማስቀመጥ ክርክር ያስነሣል፤ በዩኤስቢ ፍላሽ ወይም በሲዲ እንልካለን ብለው ይጻፉና ድረ ገጹን በተጨማሪ ይስጡ። ለእያንዳንዱ የፈርምዌር እትም የተፈተነውን ጥቅል ለየብቻ ያስቀምጡ፤ የመጨረሻውን ብቻ ማስቀመጥ ከሁለት ዓመት በፊት ለተሸጠው ራውተር አይመልስም። ማሻሻያ ፋይል በድረ ገጻችሁ መልቀቅም ስርጭት ነው።

ጉድለት ከተገኘ ሽያጩን አቁመው ያስተካክሉ። በ2ኛው እትም መብቱ በጥሰቱ ወዲያው ይቋረጣል፤ በኦክቶበር 2017 ግን ብዙ የከርነል ገንቢዎች የ3ኛውን እትም የይቅርታ ደንብ እንደሚከተሉ አስታውቀዋል፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ መብቱ ይመለስለታል። ያስታወቁትን ብቻ ነው የሚያስረው። በጀርመን ሕግ ደግሞ ማስተካከል ብቻውን የመደገም ሥጋቱን አያጠፋም፤ አንድ እውነተኛ ባለመብት በራውተሩ ከመጣ ቃል መግባት ሊያስፈልግ ይችላል። ያኔ ጠበቃው የራሱን ጽሑፍ ያዘጋጅ፦ ለአንድ ምርት፣ ለአንድ የፈርምዌር እትም፣ ለአንድ ፕሮግራም የተወሰነ፤ ግዴታን ሳያምን የሚያስር፤ መቀጫውም ቁርጥ ሳይሆን በሐምቡርግ ልማድ፣ ማለትም ባለመብቱ እንደ ጥሰቱ መጠን የሚወስነውና ፍርድ ቤት የሚከልሰው።

መዝገቡን ሲሠሩ ሦስተኛውን ዓይነት ዛቻም በዚያው ይዝጉ፤ ነፃ መስሎ ነፃ ያልሆነውን። ቨርቹዋልቦክስ ራሱ ጂፒኤል ነው፤ ኤክስቴንሽን ፓክ የተባለው ተጨማሪው ግን ለግል፣ ለትምህርትና ለሙከራ ብቻ ነው በነፃ የሚሰጠው፤ ከድርጅት አድራሻ የተወረደው ደግሞ በአቅራቢው በኦራክል መዝገብ ላይ ሊታይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚጭነው ለዩኤስቢ 2 እና 3 ነበር፤ ከ7.0 እትም ወዲህ እነሱ መሠረቱ ውስጥ ስለገቡ አውጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የኦራክል ጃቫ 8 ከኤፕሪል 2019 በኋላ የወጡ ማሻሻያዎቹ ለድርጅት ሥራ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ነፃ የሆኑት የጃቫ ስሪቶች ቴሙሪን ወይም ኮሬቶ ይተኩታል። ዶከር ዴስክቶፕ ከ250 በላይ ሠራተኛ ወይም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዓመታዊ ገቢ ላለው ድርጅት ይከፈልበታል፤ 60 ሰው ብትሆኑም ገቢውን ይመልከቱ። ሰርቨር ላይ ያለው የዶከር ሞተር ከዚህ ውጭ ነው። እነዚህን ማራገፍ ያለፈውን አጠቃቀም አይሰርዝም፤ ስለዚህ ምን፣ መቼ፣ የት እንደተጫነ ሳትመዘግቡ አታራግፉ።

ለራውተር አምራቹ ዛሬ የሚላከው ኢሜይል አጭር ይሁን፦ የሞዴሉ ስም፣ የፈርምዌር እትሙ፣ የምንጭ ኮዱ ጥያቄ፣ የ14 ቀን ገደብ። ለሚቀጥለው ጭነት ደግሞ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ምንጭ ኮዱ በእናንተ ንጹሕ ማሽን ላይ ተጠናቅሮ እስኪወጣ ድረስ የክፍያው የመጨረሻ ክፍል አይለቀቅም።